ምጥ ላይ የልጅሽ ልብ በምን ይደመጥ? ፌቶስኮፕ፣ ዶፕለር ወይስ ሲቲጂ

ስምንት ወር ሲሞላሽ ጎረቤቱም ዘመዱም አንድ ጥያቄ አያጣም። «የት ልትወልጂ ነው? ማሽን አላቸው?» ማሽን የሚሉት ሲቲጂን ነው። ሆድ ላይ በቀበቶ ይታሰርና የልጁን የልብ ምት ከእናቲቱ ምጥ ጋር ወረቀት ላይ በመስመር እየጻፈ ያወጣል። ጥያቄው ክፋት የለውም። ግን ግማሽ ጥያቄ ነው። ሌላው ግማሽ ይሄ ነው፦ የሚያዳምጠኝ ማነው? በየስንት ደቂቃው ይመጣል? የልጄ ልብ ቢደክምስ ኦፕሬሽን ክፍሉ ምን ያህል ይርቃል?

አዋላጅ ነኝ። ሦስቱንም መሣሪያ፣ በጆሮ የሚደመጥበትን ፌቶስኮፕ፣ በእጅ የሚያዘውን ዶፕለርና ሲቲጂን፣ ይዤ ሠርቻለሁ። ገለልተኛ ነኝ ብዬ ግን አልዋሽሽም። እርግዝናዋ ጤነኛ ለሆነ እናት ዶፕለር ይዛ በሰዓቱ የምትመጣ አዋላጅ ትሻላለች ባይ ነኝ። እርግዝናው ችግር ካለበት ደግሞ ሲቲጂም ኦፕሬሽን ክፍልም ያለበት ሆስፒታል ሂጂ እላለሁ። እዚህ ላይ አልወላውልም።

አንድ ነገር ግን አስቀድመን እንግባባ። ባሕር ዳር ላይ ምጥ ይዞሽ ገብተሽ «ለእኔ ያኛው መሣሪያ ይሁንልኝ» የምትዪበት ዕድል ጠባብ ነው። ያለው ነው የሚሠራልሽ። ስለዚህ መሣሪያውን የምትመርጪው የምትገቢበትን በር ስትመርጪ ነው። ይሄ ደግሞ የክትትል ጊዜ ሥራ ነው። ምጥ ከመጣ በኋላ ማን ያስባል?

ምኑ ነው የሚደመጠው?

ምጥ ሲመጣ ማህፀን ይጨበጣል። በዚያች ሰዓት ወደ እንግዴ ልጁ የሚሄደው ደም ይቀንሳል፤ ልጁም ለጥቂት ጊዜ ኦክስጅን ያንሰዋል። ጤነኛ ልጅ ይችለዋል። ጣና ዳር ያደገ ልጅ ትንፋሹን ይዞ ጠልቆ እንደሚወጣው ማለት ነው። ምጡ ሲለቅ ደሙ ይመለሳል፣ ልቡም እንደ ወትሮው ይመታል። የደከመ ልጅ ግን ምጡ ካለፈ በኋላም ልቡ ዝቅ እንዳለ ይቆያል፤ ወይም ቀስ እያለ ነው የሚመለሰው።

ለዚህ ነው በደንብ የሚያዳምጥ ሰው ምጡ እንደለቀቀ ወዲያው የሚያዳምጠው። በሁለት ምጥ መሀል፣ ሁሉም ሰላም በሆነበት ሰዓት ብቻ ሰምቶ መሄድ ዋናውን ነገር ማምለጥ ነው።

ጤነኛ የሚባለው ምት በደቂቃ ከ110 እስከ 160 ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ምጡ ከጠነከረ በኋላ በየ15 እስከ 30 ደቂቃው፣ መግፋት ከተጀመረ በኋላ ደግሞ በየ5 ደቂቃው መደመጥ አለበት። እያንዳንዱ ማዳመጥ ቢያንስ አንድ ሙሉ ደቂቃ ይፈጃል። አሥራ አምስት ሰከንድ ቆጥሮ በአራት ማባዛት ለችኩል ሰው ይመቻል፤ ለልጁ ግን አይጠቅምም። እነዚህን ቁጥሮች ያዢያቸው፤ በኋላ ያስፈልጉሻል።

ፌቶስኮፕ

ከእንጨት፣ ከብረት ወይም ከፕላስቲክ የተሠራች ትንሽ ጥሩንባ መሳይ ናት። እ.ኤ.አ. በ1895 አዶልፍ ፒናርድ የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም ያስተዋወቃት ስለሆነች ፒናርድ የሚሏትም አሉ። ባትሪ አትፈልግም፣ መብራት አትፈልግም፣ ጄል አትፈልግም። መብራት ሲጠፋ ሌላው ሁሉ ጸጥ ሲል እሷ ሥራ ላይ ናት። የጤና ጣቢያ አዋላጅ ሁሉ የምታውቃት መሣሪያ ነች።

አሠራሯን ላሳይሽ፤ በደንብ እየተሠራልሽ መሆኑን ለማወቅ ይረዳሻል። አዋላጇ መጀመሪያ ሆድሽን በሁለት እጇ ትዳስሳለች። የምትፈልገው የልጁን ጀርባ ነው፤ ድምፁ ጎልቶ የሚሰማው በዚያ በኩል ነው። ካገኘችው በኋላ ሰፊውን አፍ ሆድሽ ላይ ታስቀምጥና ጆሮዋን በጠባቡ በኩል ትደግፋለች። ከዚያ እጇን ከፌቶስኮፑ ላይ ታነሳለች፤ በእጅ ከተያዘ ድምፁ ይረበሻል። በነፃው እጇ የአንቺን የእጅ አንጓ ትይዛለች፤ የአንቺን ምት ከልጁ ለመለየት ነው። ዓይኗ ሰዓቷ ላይ ነው። አንድ ደቂቃ ሙሉ ትቆጥራለች። በዚያች ደቂቃ ብታናግሪያት መልስ አታገኚም፤ አትቀየሚያት።

ጉድለቷም ግልጽ ነው። የሚሰማው አንድ ጆሮ ብቻ ነው። አንቺ አትሰሚም፣ አጃቢሽ አይሰማም፣ ሐኪሙም ቢመጣ በአዋላጇ ቃል ነው የሚሄደው። ክፍሉ ሲንጫጫ ማዳመጥ ይከብዳል። ወፈር ያልሽ ከሆንሽ ወይም የእንሽርት ውሃው ከበዛ ድምፁ ይርቃል። አዋላጇ ጎንበስ ብላ ጆሮዋን ሆድሽ ላይ ማድረስ ስላለባት ተንበርክከሽ ወይም ቆመሽ ማማጥ ብትፈልጊ ያስቸግራል። ልምድ የሌለው ሰው እጅ ላይ ደግሞ «ሰማሁ» የተባለው ያልተሰማ ሊሆን ይችላል።

ዶፕለር

እጅ ላይ የምትያዝ ትንሽ መሣሪያ ናት። ጫፏ ላይ ጄል ይቀባል። ጄሉ ይቀዘቅዛል፣ ትደነግጫለሽ፣ ያ ምንም አይደለም። የማይሰማ የድምፅ ሞገድ ትልካለች፤ ከሚንቀሳቀሰው ልብ ተመልሶ የሚመጣውንም ወደምንሰማው ድምፅ ትቀይረዋለች። የፈረስ ግልቢያ የመሰለ ድምፅ ክፍሉን ይሞላዋል። ብዙዎቹ ቁጥሩንም በትንሽ መስኮት ያሳያሉ።

ዶፕለርን የምወደው ብዙ ሰው አንድ ላይ ስለሚሰማው ነው። እናት ትሰማለች፣ ባል ይሰማል፣ አማት ይሰማሉ። «ሲስተር ቀነሰ እንዴ?» የሚል ሰው ይገኛል። ቆመሽም፣ በጎንሽ ተኝተሽም፣ ተንበርክከሽም ልትደመጪ ትችያለሽ።

ከፌቶስኮፕ ጋር ያወዳደሯት የአፍሪካ ጥናቶችም አሉ። በዚምባብዌ ሐራሬ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1994 የታተመው ጥናት፣ በዶፕለር የታየው የልብ ምት መዛባት በፒናርድ ከታየው ሁለት እጥፍ ያህል መሆኑን አሳይቷል። በኋላ በኡጋንዳ በተሠራው ግን ዶፕለር ብዙ መዛባት ብታገኝም በመጨረሻው ውጤት ላይ ልዩነት አልታየም። ለምን ቢባል፣ ችግር ማግኘት አንድ ነገር ነው፤ አግኝቶ በጊዜ መፍትሔ መስጠት ሌላ ነው። ዶፕለሯ «ቀንሷል» ብላ ኦፕሬሽን ክፍሉ ሁለት ሰዓት ከራቀ ዶፕለሯ ምን ታድርግ?

የእሷም ወጥመድ አለ። ባትሪ ያልቃል፣ ጄል ይጠፋል። ከሁሉ የሚከፋው ግን የእናት የደም ሥር ድምፅ የልጅ መስሎ መሰማቱ ነው። ምጥ ላይ ያለች እናት ልቧ በደቂቃ 120 ሊመታ ይችላል። ቁጥሩ «ጤነኛ» ይመስላል፤ ልጁ ግን ተቸግሮ ይሆናል። ስለዚህ በዶፕለርም ቢሆን የእጅሽ አንጓ መያዝ አለበት። ሳይይዙ ከለኩሽ «የእኔንስ አይለኩም?» ማለት ነውር የለውም።

ሲቲጂ

አሁን ወደ «ማሽኑ» እንምጣ። ሁለት ቀበቶ ሆድሽ ላይ ይታሰራል። አንደኛው ዝቅ ብሎ የልጁ ጀርባ ባለበት በኩል ነው፣ የልብ ምቱን ይይዛል። ሌላው ከፍ ብሎ ማህፀኑ አናት ላይ ነው፣ ምጡ ሲመጣ ሆድሽ ሲጠነክር ይለካል። ወረቀቱ ላይ ሁለት መስመር ይወጣል፤ የላይኛው የልጁ ልብ፣ የታችኛው ምጡ። የተማረ ዓይን አራት ነገር ያነባል። መነሻው ከ110 እስከ 160 ውስጥ ነው ወይ? መስመሩ በጥቂቱ ይንቀጠቀጣል ወይስ ዝርግ ብሏል? መንቀጥቀጡ ጥሩ ምልክት ነው። ልጁ ሲንቀሳቀስ ከፍ ይላል ወይ? ምጥ ሲመጣስ ዝቅ ይላል፣ ዝቅ ካለ መቼ ይመለሳል?

ይህን ሁሉ ጆሮ ብቻውን አይይዘውም፤ የሲቲጂ ጥቅም እዚህ ላይ ነው። ወረቀቱም ይቀራል። ተረኛው ሐኪም አይቶ ሊወስን ይችላል፣ ሌላ ሆስፒታል ብትላኪም አብሮሽ ይሄዳል።

ታዲያ ለሁሉም እናት ለምን አይታሰርም? ከ37,000 በላይ እናቶችን ያሳተፉ 13 ጥናቶች አንድ ላይ ተገምግመው ነበር። ሲቲጂ ያለማቋረጥ የታሰረላቸው እናቶች በየጊዜው በጆሮና በዶፕለር ከሚደመጡት ጋር ተነጻጸሩ። ከተወለዱ በኋላ እንደ ሚጥል በሽታ የሚያንዘፈዝፋቸውን ሕፃናት ቁጥር ሲቲጂ በግማሽ ያህል ቀንሷል። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ግን መንዘፍዘፉ መጀመሪያውንም ብዙ አያጋጥምም። የሕፃናት ሞትን አልቀነሰም። ሴሬብራል ፓልሲ የሚባለውን፣ ልጁ ዕድሜ ልኩን የሚሸከመውን የእንቅስቃሴ ችግርም አልቀነሰም። በኦፕሬሽን የመውለድን ዕድል ግን በ60 በመቶ ገደማ ጨምሯል። ልጁን ስቦ በሚያወጣ መሣሪያ፣ በቫኪዩምና በመሰሉ፣ መውለድም ጨምሯል።

ምክንያቱ ሲቲጂ ብዙ ጊዜ ያለ ነገር ስለሚጮህ ነው። ልጁ ደህና ሆኖ መስመሩ ሊያስደነግጥ ይችላል። የደነገጠ ሐኪም ደግሞ ይቆርጣል፤ እኔም እሱን ብሆን ምናልባት እቆርጥ ነበር። እኛ አገር ብዙ ልጅ የምትወልድ ሴት አለች። የመጀመሪያው ኦፕሬሽን ጠባሳ ለቀጣዩ እርግዝና፣ ለቀጣዩ እንግዴ ልጅ፣ ለቀጣዩ ምጥ ጣጣ ይዞ ይመጣል። ሲያስፈልግ ኦፕሬሽን ነፍስ ያድናል። ሳያስፈልግ ሲሆን ግን ዕዳው የሚከፈለው በሦስተኛውና በአራተኛው ልጅ ላይ ነው።

ሌላው ችግር እስራቱ ነው። ቀበቶው ስትዞሪ ይንሸራተታል። ስለዚህ «አትንቀሳቀሺ» ትባያለሽ፣ ብዙ ጊዜም በጀርባ ትተኛለሽ። በጀርባ መተኛት ከባዱን ማህፀን ወደ ልብሽ በሚመለሰው ትልቅ የደም ሥር ላይ ይጭነዋል። ወደ ልጁ የሚሄደው ደም ይቀንሳል፣ ማሽኑም ይህንኑ አይቶ ይጮሃል! ሲቲጂ ከታሰረልሽ ወደ ግራ ጎንሽ ዘንበል በዪ ወይም ቁጭ በዪ። ቀበቶው እንደገና ይታሰራል፤ ለእሱ አትጨነቂ።

በእነዚህ ምክንያቶች የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ምክር፣ ምጧ በራሱ ለመጣ ጤነኛ እናት ሲቲጂን ያለማቋረጥ ማሰር አይመከርም ብሏል። አንዳንድ ቦታ ስትገቢ «ለማየት ያህል» ተብሎ የሚታሰረውንም ለጤነኛ እናት አልመከረም። የልጁ እንቅስቃሴ ቀንሶብኝ ነው የመጣሁት ካልሽ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ያኔ መታሰሩ ተገቢ ነው።

በነገራችን ላይ በልጁ የራስ ቆዳ ላይ ትንሽ ሽቦ ተለጥፎ የሚለካበት መንገድም አለ። የእንሽርት ውሃው ፈስሶ ማህፀን አፉ መከፈት አለበት፤ ኤችአይቪ ወይም ሄፓታይተስ ላለባት እናት አይሆንም። እኛ አካባቢ የምትመርጪው ነገር ስላልሆነ እንለፈው።

ለአንቺ የትኛው?

እርግዝናሽ ሙሉ ጊዜውን ከደረሰ፣ ልጁ አንድ ከሆነና ጭንቅላቱ ወደ ታች ከሆነ፣ ደም ግፊትሽ ደህና ከሆነ፣ ምጡ በራሱ ከመጣ፣ ከዚህ በፊት ኦፕሬሽን ካልሆንሽ፣ ዶፕለር ይበቃሻል። በደንብ የምትያዝ ፌቶስኮፕም ትበቃለች። «ማሽን የለም» ተብሎ ጤና ጣቢያ መናቅ የለበትም።

ሲቲጂ ፈልገሽ ሆስፒታል መሄድ ያለብሽ መቼ ነው? በፊት በኦፕሬሽን ከወለድሽ። ደም ግፊትሽ ከፍ ካለ፣ በተለይ ከራስ ምታትና ከዓይን ብዥታ ጋር ከሆነ። መንታ ከሆነ። መንታ ላይ የሁለቱም ልብ ለየብቻ መደመጥ አለበት፤ አንዱን ልጅ ሁለት ጊዜ ማዳመጥ ቀላል ስህተት ነው። ልጁ በክትትል ላይ «አላደገም» ከተባለ፣ ወይም ቀኑ ሳይደርስ ምጥ ከመጣ፣ ወይም ቀኑ ካለፈ። ስኳር ካለብሽ። ደም ከፈሰሰሽ። ትኩሳት ካለሽ። የእንሽርት ውሃው አረንጓዴ ከሆነ፤ ልጁ ሆድ ውስጥ ተጸዳድቷል ማለት ነው፣ አንዳንዴም የጭንቀት ምልክት ይሆናል።

አንዱን ለብቻው ላንሳው፤ ብዙ ሰው አያውቀውም። ምጥ በመድኃኒት ከተጀመረልሽ ወይም «ዘገየ» ተብሎ ኦክሲቶሲን በግሉኮስ ከተሰጠሽ፣ ጤነኛም ብትሆኚ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ የክትትሉ ደረጃ መለወጥ አለበት። መድኃኒቱ ምጡን ያበረታል፣ ያቀራርባል። በሁለቱ መሀል ልጁ የሚያርፍበት ጊዜ ያጥራል። ሲቲጂ ካለ ያኔ ነው የሚታሰረው። ከሌለ ደግሞ ጆሮና ዶፕለር ቶሎ ቶሎ መምጣት አለባቸው። ግሉኮሱ ተሰቅሎልሽ ለረጅም ጊዜ ማንም ካልመጣ ጥሪ። አጃቢሽን ላኪ። «ያስቸግራሉ» ብትባዪም ግድ የለም።

ከላይ ለጠቀስኩት የ13 ጥናት ውጤት አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። «በጆሮ ማዳመጥ ይበቃል» የሚለው የሚሠራው ጆሮው በሰዓቱ ከመጣ ነው። ብዙዎቹ ጥናቶች የተሠሩት አንዲት አዋላጅ አንዲት እናትን በምትይዝበት አገር ነው። እኛ ጋ ደግሞ አንዲት አዋላጅ ሌሊት ላይ ስንት እናት ይዛ እንደምታድር የሚያውቅ ያውቀዋል። አራት ሰዓት ተኩል ላይ ተደምጠሽ ቀጣዩ ሰባት ሰዓት ከሆነ፣ ያ ክትትል አይባልም። ሲቲጂም ቢሆን ወረቀቱን የሚያነብ ሰው ከሌለ ያው ነው። ወረቀቱ ወለል ላይ ተጥመልምሎ ማንም ሳያየው ያደረበትን ክፍል አውቃለሁ። ለዚህ ነው ስለ መሣሪያው ከመጠየቅሽ በፊት ስለ ሰዉ ጠይቂ የምለው።

የቱን በር?

ከተማው ውስጥ ከሆንሽና እርግዝናሽ ጤነኛ ከሆነ ክትትል የያዝሽበት ጤና ጣቢያ ጥሩ ምርጫ ነው። ካርድሽ እዚያ ነው፣ ያውቁሻል፣ የመንግሥት ጤና ጣቢያ ላይ ወሊድ በነፃ ነው። ጤና ጣቢያ ግን በአብዛኛው ኦፕሬሽን አይሠራም። የልጁ ልብ ቢቀንስ ሪፈር ነው የምትባዪው። ስለዚህ ጤና ጣቢያሽ አምቡላንሱን ከየት እንደሚጠራና ወዴት እንደሚልክ አስቀድመሽ እወቂ። ሆስፒታሎቹ ፈለገ ሕይወትና ጥበበ ግዮን ናቸው። ፈለገ ሕይወት ከተማው ውስጥ ነው። ጥበበ ግዮን ከከተማው ወጣ ይላል፤ ቀን ላይ ቅርብ የሚመስለው መንገድ ባጃጅ በማይገኝበት ሌሊት ይረዝማል። ማዶ ላለሽው፣ ለምሳሌ ዘንዘልማ ላይ ላለሽው፣ በ2016 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የዓባይ ድልድይ መሻገሩን አቅልሎታል። ግን አሁንም ትርፍ ሰዓት ይዘሽ አስቢ።

ፈለገ ሕይወትና ጥበበ ግዮን ከየወረዳው የሚላክላቸውን ከባድ ከባዱን ይይዛሉ። ለአንቺም ከባድ ነገር ካለብሽ ቦታሽ እዚያ ነው። ምንም ከሌለብሽ ግን ከነሱ ጋር ለአልጋም ለአዋላጅም ተራ ትጠብቂያለሽ፤ ጸጥ ያለ ጤና ጣቢያ ላይ ቶሎ ቶሎ ልትደመጪ ትችያለሽ። ብዙ ሰው ትልቁ ሆስፒታል ሁልጊዜ ይሻላል ይላል። እኔ አልስማማም።

የግል ሆስፒታል ስትመርጪ ዋጋውን ብቻ አትጠይቂ። «ሌሊት ሐኪሙ ግቢው ውስጥ ነው ወይስ በስልክ ነው የሚጠራው? ማደንዘዣ የሚሰጠውስ?» ብለሽ ጠይቂ። አዲስ ሲቲጂ አሳይተውሽ ሐኪሙ ቤቱ ከተኛ፣ ማሽኑ የሚያሳይሽ የምትጠብቂውን ሰዓት ብቻ ነው።

ለዘጌና ለደቅ

ሐይቁ ዳርና ደሴቶቹ ላይ ላላችሁ ነገሩ ከመሣሪያ ይልቅ የመንገድ ነው። ከደቅ ባሕር ዳር ለመድረስ ሰዓታት ይፈጃል። ነፋስ ሲነሳ ጀልባ አይንቀሳቀስም፣ በጨለማ ደግሞ ማን ይነሳል? ዘጌም መኪናውም ጀልባውም እንደ ከተማ በየደቂቃው አይገኝም። የልጅ ልብ ሲዳከም የሚሰጠው ጊዜ ግን በደቂቃ ነው የሚቆጠረው።

ስለዚህ ከላይ ከዘረዘርኳቸው ችግሮች አንዱ ካለብሽ ምጡን ቤት ሆነሽ አትጠብቂ። የእናቶች ማቆያ ያላቸው ጤና ጣቢያዎች አሉ፤ ቀንሽ ሲቃረብ እዚያ ገብተሽ ትቆያለሽ፣ ምጡ ሲመጣ ደረጃ መውጣት እንኳ ሳያስፈልግሽ ማዋለጃ ክፍል ትገቢያለሽ። ኦፕሬሽን ሊያስፈልግሽ ይችላል ከተባለ ግን የሚያዋጣው ከተማ ዘመድ ቤት መግባት ነው፤ ሆስፒታሉ አጠገብ። አዎ፣ ቤቱ፣ ልጆቹ፣ ከብቱ እንዴት ይሆናል የሚለው ይመጣል። ይህን ነገር ለባልሽና ለአማትሽ ብቻሽን አታስረጂ። ቀጣዩ ክትትል ላይ ይዘሻቸው ነይና የጤና ባለሙያዋ ትንገራቸው። ከእሷ ሲሰሙት ይለያል።

ምን ብለሽ ትጠይቂ?

በመጨረሻዎቹ ክትትሎች ላይ፦ «ምጥ ላይ ልጁን በምን ነው የምታዳምጡት? በየስንት ደቂቃው? ሌሊት ስንት አዋላጅ ናችሁ? ችግር ከታየ ወዴት ነው የምትልኩኝ?» መልሱ ብቻ ሳይሆን አመላለሱም ይነግርሻል። «አንቺ ዝም ብለሽ ነይ» የሚል ቦታ ላይ እኔ ብሆን አልወልድም።

ምጥ ላይ ሆነሽ ደግሞ አንድ ቃል ይበቃል፦ «ስንት ነው?» አዋላጇ አዳምጣ ስትነሳ ጠይቂያት። 138 ወይም 144 ትልሻለች። ፓርቶግራፉ፣ ማለትም የምጡ ሂደት የሚመዘገብበት ወረቀት፣ ላይ ነጥብ ስታደርግ ታይያለሽ። አጃቢ ካስገቡልሽ፣ እህትሽም ትሁን እናትሽ፣ ሰዓት ያለው ሰው ይሁን። የተደመጥሽበትን ሰዓትና ቁጥሩን ስልኩ ላይ ይጻፍ። ይህ ሐኪም ለመቆጣጠር አይደለም፤ ሥራ የበዛባት አዋላጅ ራሷ «ስንት ሰዓት ላይ ነበር?» ብላ ስትጠይቅ መልስ ይኖራል።

ቁጥሩ ቢቀንስ ምን ይደረጋል? መጀመሪያ ወደ ጎንሽ ያዞሩሻል። ኦክሲቶሲን ካለ ይዘጋል። ደም ግፊትሽ ይለካል፣ ፈሳሽ ሊሰጥሽ ይችላል። እትብቱ ቀድሞ ወርዶ እንደሆነ ለማየት በማህፀን ይመረምሩሻል። ብዙ ጊዜ በዚህ ይመለሳል። ካልተመለሰ መግፋት ከደረሰ በቫኪዩም፣ ካልደረሰ በኦፕሬሽን ይወጣል። በዚህ ሰዓት ሁሉም ሰው ይሯሯጣል፣ ማንም አያስረዳሽም። አስቀድመሽ ካወቅሽው ፍርሃቱ ይቀንሳል።

ቤት ስላለው ዶፕለር

ዲያስፖራ ዘመድ ያላት እርጉዝ አሁን አሁን ትንሽ ዶፕለር ይላክላታል። ስልክ ላይ የሚጫን መተግበሪያም ይመጣል። መተግበሪያውን እርሺው። ዶፕለሩንም ለደስታ ካልሆነ አታዳምጪበት። ልጅሽ እንቅስቃሴ ቀንሶ፣ አንቺ ዶፕለር ሆድሽ ላይ አድርገሽ «ይመታል፣ ደህና ነው» ብለሽ ማደር አደገኛ ነው። የሰማሽው የራስሽ ደም ሥር ሊሆን ይችላል። የልጁም ቢሆን፣ መምታቱ ብቻ ደህና ነው ማለት አይደለም። እንቅስቃሴው ከቀነሰ ያን ቀን ሂጂ፤ ነገ አትበዪ።

ከደረስሽ በኋላ ያሰብሽው ካልሆነስ?

ይሆናል። ሲቲጂው ተበላሽቷል ትባያለሽ፣ ወይም ለሌላ እናት ታስሯል። ችግር ላለባት እናት ሲቲጂ ባይኖር እንኳ መፍትሔ አለ። በዶፕለር ቶሎ ቶሎ ይደመጣል፣ ለምሳሌ በየ15 ደቂቃው፣ ሁልጊዜም ምጡ እንደለቀቀ። ይህንን «ማሽኑ ስለሌለ በዶፕለር ቶሎ ቶሎ አዳምጡኝ» ብለሽ በስሙ ጠይቂ። አልጋ የለም ተብለሽ ወደ ሌላ ከተላክሽ ደግሞ ከመነሳትሽ በፊት አንድ ጊዜ ይደመጥልሽና ቁጥሩና ሰዓቱ ሪፈር ወረቀቱ ላይ ይጻፍ። የምትደርሺበት ቦታ ያለው አዋላጅ መጀመሪያ የሚፈልገው እሱን ነው።